ጻፈ እና አስጻፈ

አሪቻ ከይርጋ ጨፌ ከተማ ብዙም የማትርቅ፣ በእንሰትና በቡና የተሸፈነች የጌዴኦ መንደር ናት። ስሟን ከአዲስ አበባ ምሁር ይልቅ የባሕር ማዶ ቡና ነጋዴ ያውቀዋል፤ ቡናዋ የሚሸጠው በስሟ ነውና። እኔ ወደዚያ የሄድኩት ግን ቡና ፍለጋ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ በባለርስቶች ላይ ስለተነሣበት ስለ ሚጭሌ ውጊያ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለነበር፣ ዘመኑን በልጅነታቸው ካዩ አንድ አዛውንት ፊት ሁለት ቀን ተቀምጬ የነገሩኝን ሁሉ በድምፅ ቀዳሁ። ጽሑፉ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር በመጽሐፍ ታተመ፤ ስሜም ከርእሱ ሥር በደማቅ ቀለም ሰፈረ።

አንድ ቅጂ ይዤላቸው ተመለስኩ። የልጅ ልጃቸው እያነበበ ወደ ጌዴኦኛ መለሰላቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ እኔ የነገርኩህ ነው። ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉኝ። ገጹን አገላበጥኩ። የነበሩት «የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት» በምትል አንዲት ሐረግ ውስጥ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የአንድ መንደር አዛውንት ቅሬታ ብቻ ሆኖ እንዳይታያችሁ። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ታላላቅ መጻሕፍትም ይኸው ጥያቄ አለባቸው።

በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ጸጋ ዘአብ የሚባሉ ካህን በመልእክተኛነት ወደ ፖርቱጋል ተልከው እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝበን ገቡ። የፖርቱጋል የመለኮት ሊቃውንት ግን ሃይማኖታቸውን በጥርጣሬ መርምረው ቅዱስ ቁርባን ከለከሏቸው። እርሳቸውም የሀገራቸውን እምነትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1534 አዘጋጁ። ዳሚያው ደ ጎይስ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ ወደ ላቲን መልሶ እ.ኤ.አ. በ1540 በሉቬን ከተማ አሳተመው። የመጽሐፉ ዋና ክፍል የጸጋ ዘአብ ቃል ነው፤ ጎይስም ይህን አልደበቀም። ሆኖም መጽሐፉ እስከ ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ተመዝግቦ የሚገኘው በጎይስ ስም ነው። የጻፉት ሰው የውስጥ ገጽ ነዋሪ ሆነው ቀሩ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ተጋብዘው፣ ግእዙንም አማርኛውንም ታሪኩንም አስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ሉዶልፍ ውለታ በል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ምንጩ እርሳቸው መሆናቸውን መስክሯል፤ በ1691 ባወጣው ማብራሪያም ሥዕላቸውን አትሟል። ይሁንና ዛሬ «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» የሚባለው ሉዶልፍ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ «መረጃ ሰጪ» ናቸው። አስተማሪው መረጃ ሰጪ፣ ተማሪው አባት!

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በአንድ ልብ እንስማማለን፤ «ፈረንጅ ስማችንን ወሰደብን» ማለት አይከብድምና። ፈተናው የሚመጣው ነገሩ ሲገለበጥ ነው።

ሐተታ ዘርአ ያዕቆብን ብዙዎቻችን በኩራት እንጠቅሰዋለን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአክሱም ተወላጅ ሕይወቱንና ፍልስፍናውን የጻፈበት መጽሐፍ ሆኖ የቀረበ ነው። ለዓለም ያስተዋወቀው ግን በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በሀገራችን የኖረው ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ለአንቷን ዳባዲ የላካቸው ቅጂዎች ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 የግእዙን ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያም ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920፣ የመጽሐፉ እውነተኛ ደራሲ ራሱ ሚሲዮናዊው ነው አለ፤ ኦይገን ሚትቮኽ እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ አጠናከረ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊ ክላውድ ሰምነር ደግሞ በስፋት ተከራክሮ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ደመደመ። አናይስ ቪዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ጥርጣሬውን እንደገና ቀሰቀሰችው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ነው ራሳችንን መታዘብ ያለብን። በጸጋ ዘአብ ጉዳይ «እውነተኛው ጸሐፊ ይታወቅ» ብለን የምንጮኽ ሰዎች፣ በሐተታው ጉዳይ ያው ጥያቄ ሲነሣ ጠያቂውን የሀገር ጠላት እናደርገዋለን። ሌላው ወገን ደግሞ የእኛ የሆነ ጥሩ ነገር ሁሉ ከውጭ የመጣ ይመስል፣ አንድ ገጽ ሳያነብ «ፈጠራ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም የሚፈርዱት በወገን እንጂ በማስረጃ አይደለም። የሚያስቀው ነገር፣ ሐተታው ራሱ ሰው የተነገረውን ሳይመረምር እንዳይቀበል የሚመክር መጽሐፍ መሆኑ ነው።

«ማን ጻፈው የሚለው ምን ያደርጋል? ዋናው ይዘቱ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ለልብ ወለድ ይሁን። ለታሪክ ግን ማን ተናገረ የሚለው የማስረጃው ግማሽ ነው። ጆን ኬኔዲ «ፕሮፋይልስ ኢን ከሬጅ» በተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1957 የፑሊትዘር ሽልማት ወሰዱ፤ ረዳታቸው ቴድ ሶረንሰን የአብዛኞቹን ምዕራፎች የመጀመሪያ ረቂቅ እርሱ እንደጻፈ ያመነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በሀገራችንም የቀድሞ ባለሥልጣናት ማስታወሻ እንደ አሸን ፈልቷል። ገነት አየለ የሌተናል ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምን ትዝታዎች ስታሳትም ጠያቂዋና ጸሐፊዋ እርሷ መሆኗ ሽፋኑ ላይ ነበር፤ አንባቢ የማን ጥያቄ፣ የማን መልስ እንደሚያነብ ያውቃል። «ትእዛዙን አልሰጠሁም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ባለታሪኩ ተናግሮት ይሁን ሌላ ብዕር አስውቦት ካልታወቀ ግን፣ ነገ ታሪክ ጸሐፊ ምስክር አድርጎ ሲጠቅሰው የሚጠቅሰው ማንን ነው?

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ የለብንም። የጥንት የብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ ላይ የሚገኘውን ልመና አስታውሱ፤ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ለሰማው ሁሉ ለየራሱ ምሕረት ይለምናል። ብራናና ቀለም የገዛው ባለጸጋ በጸሐፊው ቦታ አይቀመጥም፤ ጸሐፊውም አስጻፊውን አይሰርዝም። ቋንቋችን ጻፈን ከአስጻፈ የሚለየው በአንዲት ቅጥያ ነው፤ እኛ ግን ለስም ስንሽቀዳደም ያቺን ቅጥያ ጣልናት። በዘመናችን ሕግም ቢሆን፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው የገንዘብ ጥቅም የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ አመንጪው በስሙ የመጠራት የሞራል መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የአሪቻውን አዛውንት ግን ይህ አዋጅ አይደርስላቸውም፤ ብዕር አልያዙም፣ ቃሉን ብቻ ሰጡ። ለእርሳቸው የሚደርሰው የብራናው ሥርዓት ነው። በድጋሚ እትሙ ላይ «ነጋሪ» በሚል ስማቸው ከእኔ ስም በፊት እንዲሰፍር አሳታሚውን ጠይቄ ተስማምቷል፤ ፈቃዳቸውንም ተቀብያለሁ። እዚህ ስማቸውን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ ስማቸው የሚገባው ቃላቸው ካለበት ገጽ ላይ ነው። እዚህ ያለው ጥያቄያቸው ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔን ዕዳ ያስታውሳል።

መጽሐፍ ስታነሡ ከሽፋኑ በኋላ የምስጋናውን ገጽ አንብቡ። አንዳንድ ጊዜ ደራሲው የሚገኘው እዚያ ነው።