የመኪና መመርመሪያ ስካነር ለቤት አገልግሎት

የመኪና መመርመሪያ ስካነር በተሽከርካሪ ኮምፒዩተር ውስጥ የተመዘገቡ የብልሽት ኮዶችን፣ እንዲሁም ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሴንሰሮች የሚልኩትን ልኬት የሚያነብ መሣሪያ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ኮምፒዩተር ማስነበብ» የሚባለው ሥራ የሚከናወነው በዚሁ ነው። ለባለሙያ የሚሠሩት ውድ ሲሆኑ ለመኪና ባለቤት የሚሆኑት በጣም በረከሰ ዋጋ ይገኛሉ። በሰሜን ሸዋ ዞን የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በደነባ የሚኖር ሰው የሞተር መብራት በበራ ቁጥር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ሲብስም ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር አልፎ አዲስ አበባ ድረስ መኪናውን መንዳት ካለበት፣ መሣሪያው በአንድ ጉዞ የነዳጅ ወጪ ዋጋውን ሊመልስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ከመኪናው ጋር የሚግባባ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መስፈርት ኦቢዲ 2 ይባላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖችና በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ግዴታ አደረገችው፤ ዓላማውም ከጭስ የሚወጣውን ብክለት መቆጣጠር ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ በናፍጣ መኪኖች ደግሞ ጥቂት ዘግይቶ ተከተለ። መሰኪያው 16 ቀዳዳ ያለው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች፣ በሾፌሩ ጉልበት አካባቢ ይገኛል። 16ኛው ቀዳዳ ሁልጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተገናኘ ነው፤ ስለዚህ ስካነር ለብቻው ባትሪ አያስፈልገውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን አያስተማምንም። ወሳኙ መኪናው ለየትኛው ገበያ ተሠራ የሚለው ነው። ለአውሮፓ የተሠራ የ2003 ያሪስ መስፈርቱን ያሟላል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ለጃፓን የተሠራ የዚያው ዘመን ቶዮታ ግን ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ እያለው በፋብሪካው የራሱ ቋንቋ ብቻ ሊናገር ይችላል። ሶኬቱን አይቶ ስካነር የገዛ ሰው «አልተገናኘም» የሚል መልእክት ሲያይ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ካርቡሬተር ያለው ዲኤክስ ኮሮላ ደግሞ የሚነበብ ኮምፒዩተር ጭራሽ የለውም። በመካከል ያሉት የ1990ዎቹ ቶዮታዎች በሞተሩ ክፍል ውስጥ አራት ማዕዘን የምርመራ ሳጥን አላቸው፤ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ጫፎች በቁራጭ ሽቦ ሲያገናኟቸው የሞተር መብራቱ እየበራና እየጠፋ ኮዱን ይቆጥራል። ለምሳሌ 22 የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። ለእነዚህ ባለቤቶች ስካነር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በጭነት መኪኖች ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። በገጠር መንገዶቻችን እህል የሚያመላልሱት አይሱዙዎች በ24 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን የቀድሞዎቹ የናፍጣ ፖምፓቸው ሜካኒካል ስለሆነ ስለ ነዳጅ አረጫጨቱ የሚነበብ ነገር የላቸውም። ለ12 ቮልት የተሠራ ርካሽ መሣሪያ አዲሱ አይሱዙ ላይ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል። ማሸጊያው ላይ 24 ቮልት መቻሉ ካልተጻፈ አለመሰካት ነው።

መኪናው ከተለየ በኋላ ምርጫው በሁለት ዓይነት መሣሪያዎች መካከል ነው። አንዱ የራሱ ስክሪንና ገመድ ያለው በእጅ የሚያዝ ኮድ አንባቢ ነው፤ አንሴል ኤዲ310፣ ላውንች 3001 እና ፎክስዌል ኤንቲ301 በዚህ ጎራ ይታወቃሉ። ሌላው መሰኪያው ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አነስተኛ መሣሪያ ነው፤ ቶርክ ወይም ካር ስካነር የሚባሉትን መተግበሪያዎች ይፈልጋል። ሁለተኛው የረከሰ ነው፤ ስልኩ ጥሩ ከሆነም ልኬቶችን በግራፍ ስለሚያሳይ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ይናገራል። አይፎን የያዘ ሰው ዋይፋይ ያለውን ወይም በአነስተኛ ኃይል በሚሠራው ብሉቱዝ የሚገናኘውን መምረጥ አለበት፤ የተለመደው ብሉቱዝ ከአይፎን ጋር አይግባባም።

የስልኩ ዓይነት መሣሪያ ታሪኩ ከአንድ ቺፕ ጋር የተያያዘ ነው። ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ኢኤልኤም 327ን እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው ስሪት ፕሮግራሙ ከመቀዳት አልተጠበቀም ነበርና ቅጂው ዓለምን አጥለቀለቀ፤ ኩባንያው በ2022 ተዘግቷል። ዛሬ መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ቅጂ ነው። ቅጂ ሁሉ ግን መጥፎ አይደለም። «1.5» የሚል የተጻፈበት ኩባንያው ከቶ ያላወጣው ስሪት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ደህና ይሠራል፤ «2.1» የሚሉት ብዙዎቹ ትእዛዞች ጎድለውባቸው ይገኛሉ። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን ሻጩ ፊት መኪና ላይ ሰክቶ መሞከር ይሻላል።

ለዚህ ሙከራ የሰሜን ሸዋ ደጋ የተመቸ ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የማኒፎልድ ግፊት ሲነበብ መሣሪያው የሚያሳየው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ በአዲስ አበባ 76 አካባቢ፣ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን 72 ገደማ። ደብረ ብርሃን ቆሞ 101 የሚያሳይ ከሆነ ወይ የመኪናው ሴንሰር ተበላሽቷል፣ ወይ መሣሪያው ያላነበበውን እየተናገረ ነው። ሌላ መኪና ላይ ደግሞ መሞከር የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ይኸው ቁጥር ሌላም ነገር ያስረዳል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገት ሲወጣ ቱርቦ የሌለው መኪና ጉልበት የሚያጣው ከሩብ በላይ የሚሆነው አየር ስለጎደለው ነው። ቤንዚን እስከ ጥግ ተረግጦ ግፊቱ ከአካባቢው ግፊት ጋር ከተቀራረበ የአየር መግቢያው አልታፈነም፤ በዚያ በኩል የሚጠገን ነገር የለም። ይህን ለማየት ግን ስካነሩ ልኬት በቀጥታ የሚያሳይ መሆን አለበት። ኮድ ብቻ አንብቦ የሚያጠፋው በጣም ርካሹ ዓይነት እዚህ ላይ አይጠቅምም። ጥቂት ጨምሮ የቀጥታ ልኬትና ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ የሚያሳየውን መግዛት ያዋጣል።

ምክንያቱም ኮድ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይሰጥም፤ ኮምፒዩተሩ ያልጣመው ልኬት የት እንደሆነ ብቻ ይጠቁማል። ፒ0171 ማለት ድብልቁ ውስጥ ከነዳጁ አንጻር አየር በዝቷል ማለት ነው። ይህን አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር የሚቀይር ብዙ ነው፤ ሴንሰሩ ግን ያየውን በታማኝነት ተናግሮ ሊሆን ይችላል። በደነባ ጥቁር አፈር ላይ በበጋ አቧራ ሲነሣ የአየር መጠን መለኪያው ይቆሽሻል፣ በአገር መንገድ ንዝረት የጎማ ቱቦ ይሰነጠቃል፣ የነዳጅ ፖምፓ ይደክማል፤ ሁሉም ይህንኑ ኮድ ያወጣሉ። የሚለያቸው የነዳጅ ማስተካከያ የሚባለው ልኬት ነው። ከዜሮ እስከ 10 በመቶ ወዲያና ወዲህ ቢል የተለመደ ነው። ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ብቻ ከፍ ብሎ ፍጥነት ሲጨምር ከወረደ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ በጭነት ጊዜ ከጨመረ ፖምፓው ወይም የቆሸሸው መለኪያ ይጠረጠራል። ነዳጁ በሲሊንደሮቹ ውስጥ በትክክል እንዳልተቃጠለ የሚጠቁመው ፒ0300 ሲመጣ ደግሞ ከካንዴላና ከቦቢና መጀመር ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መኪናውን አለመንዳት ይገባል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊቲኩን ያቀልጠዋል።

ኮዱን ከማጥፋት በፊት መጻፍ ወይም ፎቶ ማንሣት የግድ ነው። ሲጠፋ አብሮት የተመዘገበው ሁኔታም ይጠፋል፤ መኪናውን በኋላ የሚያየው መካኒክም ባዶ እጁን ይቀራል።

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚወርድበት ደጋ አብዛኛው የጠዋት ችግር የባትሪ ነው። ስልክ ላይ የሚሠሩት መሣሪያዎች ቮልቴጅ ያሳያሉ፤ አድሮ 12.6 ገደማ፣ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው ይታይ። በደከመ ባትሪ ሞተር ሲነሣ ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርስ መነጋገር ስለሚያቅታቸው በዩ የሚጀምሩ ኮዶች ይከማቻሉ፤ ባትሪው ሳይስተካከል እነሱን ማሳደድ ድካም ነው። ስካነሩንም ሌሊቱን ሰክቶ መተው አይገባም፤ በትንሹም ቢሆን ባትሪውን ይጠጣል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ምናልባት ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ኮዱን አጥፍቶ መብራቱን ሊያጨልም ይችላል። ስካነሩ ግን ኮዱ ከጠፋ በኋላ የተነዳውን ኪሎ ሜትር፣ የመኪናው የራስ ፍተሻዎችም ተጠናቅቀው እንደሆነ ያሳያል። ኪሎ ሜትሩ በጣም ትንሽ ሆኖ ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮድ በቅርብ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል፤ ምክንያቱን መጠየቅ የገዢው መብት ነው። አዲሶቹ መኪኖች 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥራቸውንም በስካነር ይሰጣሉ፤ ከሊብሬው ጋር ማስተያየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በፍጥነት እየበዛ ነው። ኦቢዲ 2 የተጻፈው ለጭስ ስለሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪን ሁኔታ በሚመለከት አምራቹን በምንም አያስገድድም። አንድ ርካሽ መሣሪያ የቢዋይዲን ወይም የፎልክስዋገን አይዲ ሴሎች ለየብቻ ሊያነብ የሚችለው መተግበሪያው ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀ ፕሮፋይል ካለው ብቻ ነው፤ ከመግዛት በፊት የመኪናው ሞዴል በመተግበሪያው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።