የአባት ስም

ባለፈው ዓመት ውጭ የሚኖር አብሮ አደጌ ደወለና «ልጅ ወለድኩ» አለኝ። እኔም እንደ አዲሱ ገበያ ልጅ ቶሎ ብዬ «እንኳን ማርያም ማረቻት! እናትየዋ ደህና ናት?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ባለቤቴ ወንድ ነው። ሁለታችን ነን የምናሳድገው» አለ።

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከማኅፀን ውጭ ከተፈጠረ ፅንስ የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ መገናኘት ከቻሉ፣ እንቁላሉ የአንዷ፣ ማኅፀኑ የሌላዋ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወንዶችም በዚሁ መንገድ አባት ይሆናሉ፤ ዘሩ ግን የአንዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሪና ቶኒ የተባሉ እንግሊዛውያን ጥንዶች በካሊፎርኒያ መንትዮች ሲወለዱላቸው፣ ፍርድ ቤት ሁለቱም ወላጅ ተብለው እንዲመዘገቡ ፈቀደ። ታሪኩ ደስታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ እስራኤል በእንዲህ ዓይነት መንገድ ለዜጎቿ የተወለዱ ሕፃናትን በአውሮፕላን አወጣች። ያረገዙላቸው ሴቶችስ? የሚል ክርክር ያኔ ተነሳ።

እኛ ሰፈር አጠገብ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ይህንኑ ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ከፍቷል፤ በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው ነው። ለጓደኛዬ ግን በዚያ በር መግቢያ የለውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የእሱን ዓይነት ግንኙነት ወንጀል ይለዋል።

ሆኖም አባትነት ደም ብቻ ነው እንዳንል የራሳችን ታሪክ አለ። የጡት ልጅ ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው የሐበሻ ምድር ትዝታው እንደጻፈው፣ የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ መሆን የፈለገ የሰውየውን ጣት ጠብቶ «ልጅህ ነኝ» ይል ነበር። ሰውየውም ከዚያ ወዲያ አባቱ ነው፤ ሊረዳው ይገባል። ወንድ ጡት ባይኖረውም ጣቱ ይበቃ ነበር።

ጓደኛዬን ዘሩ የማናችሁ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ልጁ የሚጠራው በእሱና በአባቱ ስም እንደሆነ ግን ነግሮኛል። አባቱ ካረፉ ቆይተዋል። እናቱ ግን እዚሁ ናቸው፤ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ምከረው እንጂ ልጄ፣ የአባቱ ስም ጠፍቶ ሊቀር ነው» ይሉኛል።

«እሺ እማማ» እላለሁ። ስሙ እንዳልጠፋ አውቃለሁ። መንገሩ ግን የእኔ ድርሻ አይደለም።