መስፍን፣ መኮንንና ዳኛ፤ የፍርድ ሰዎች ስያሜ በቅዱስ መጽሐፍና በልብ ወለድ

በዋግ ኽምራ የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአምደወርቅ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከብዙ ዓመታት በፊት ቃላት ለመሰብሰብ በተቀመጠበት ወቅት፣ አንድ አዛውንት ያቀረቡለት ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮው አልጠፋም። አዛውንቱ ኽምጣንጋን ከእናታቸው፣ አማርኛን ከገበያና ከችሎት፣ ዳዊትን ከቤተ ክርስቲያን የተማሩ ሰው ነበሩ። ጨዋታው ከቃል ወደ ቃል ሲሸጋገር መጽሐፈ መሳፍንት ላይ ደረሰ። «ልጄ» አሉ፤ «ዲቦራ ከመሳፍንቱ አንዷ ናት ይባላል። መስፍን ከሆነች ግዛቷ የት ነበር? የሾማትስ ማን ነው? ግብር የሚያገባላት የትኛው አገር ነው? እኔ የሰማሁት ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ ሕዝቡ ለፍርድ ወደ እርሷ ይወጣ እንደ ነበር ነው።»

ጥያቄው የተነሣው ከአለማወቅ አይደለም። በዋግ አገር ሹመት ማለት ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ከማወቅ ነው። ዋግሹም የሚለው ማዕረግ ራሱ የአገሩንና የሹመቱን ስም አጣምሮ የያዘ ነው፤ ሹም ያለ ግዛት፣ ግዛትም ያለ ግብር አይታሰብም። አዛውንቱ መስፍን የሚለውን ቃል የተረዱት ዛሬ ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ በሚረዳው መንገድ ነበር፤ ይህም «ከፍተኛ ባላባት፣ ገዢ» የሚለው ፍቺ ነው። ጉድለቱ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ሳያሳዩ የደረሰበትን ብቻ በሚነግሩን ፍቺዎች ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የፍርድ ሰዎች የሚጠሩባቸውን ሦስት ቃላት፣ ማለትም መስፍንን፣ መኮንንንና ዳኛን እየመረመረ አንድ ነጥብ ለማሳየት ይሞክራል። በቋንቋችን ፈራጅን ይሰይሙ የነበሩ ቃላት ወደ ሥልጣን በተጠጉ ቁጥር የሥልጣን ስም ሆነው ቀርተዋል፤ በፍርድ ስምነቱ የጸናው ማንም ሰው በተከራካሪዎች ፈቃድ ሊሆነው የሚችለው «ዳኛ» ነው።

1. መስፍን

መጽሐፈ መሳፍንት በዕብራይስጥ ሾፍጢም ይባላል። ሾፌጥ መፍረድንም፣ ሕዝብን መምራትንም አጣምሮ የሚይዝ ቃል ነው። ከዕብራይስጥ ጋር እጅግ የሚቀራረበውን የፊንቄ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩት የካርታጎ ሰዎችም ከፍተኛ ሹማምንታቸውን በዚሁ ሥር በወጣ ስም ይጠሩ ነበር። የግሪክ ተርጓሚዎች መጽሐፉን ክሪታይ ባሉት ጊዜ ትኩረቱ ወደ ፈራጅነቱ አዘነበለ። ብሉይ ኪዳንን በአመዛኙ ከግሪክ የመለሱት የግእዝ ሊቃውንት ደግሞ «መሳፍንት» የሚለውን መረጡ። ምርጫው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ግእዙ መስፍን ፍርድንም አገዛዝንም ይይዝ ነበርና። ጌዴዎንና ዮፍታሔም በጦርነት ሕዝቡን የመሩ ናቸው፤ ዲቦራም ብትሆን ባርቅን ለጦርነት የጠራች ነቢይት ናት።

ሆኖም ቃሉ ወደ አማርኛ ሲሻገር የፍርዱ ወገን እየደበዘዘ ሄዶ የገዢነቱ ብቻ ቀረ። የዚህ ጉዳት ይበልጥ የሚታየው በራሳችን ታሪክ ላይ ነው። በተለምዶ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. የሚቆጠረው ዘመነ መሳፍንት ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የሚዘጋው በዚያ ወራት በእስራኤል ንጉሥ እንዳልነበረና እያንዳንዱ ደስ ያሰኘውን ያደርግ እንደ ነበር በመናገር ነው። ስለዚህ ስያሜው ብዙ ባላባቶች እንደ ነበሩ ከመግለጽ አልፎ በዘመኑ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። በውጭ ቋንቋ የጻፉ ብዙ የታሪክ ሰዎች ግን ቃሉን ዛሬ ባለው ፍቺ ወስደው «የልዑላን ዘመን» ብለው ተርጉመውታል። በዚህ አተረጓጐም ምሳሌው ጠፍቶ ማዕረጉ ብቻ ቀርቷል፤ ወቀሳው ወደ ሹመት ተለውጧል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የቃሉ ቤተሰብ የሆነው «ሰፈነ» የሚለው ግሥ ግን ከፍርድ ጋር ያለውን ወዳጅነት አለመተዉ ነው። ዛሬም «ፍትሕ ሰፈነ»፣ «ፍትሕን ማስፈን» እንላለን። ስሙ የገዢ ሲሆን ግሡ የፍትሕ ባልንጀራ ሆኖ ቆይቷል።

2. መኮንን

የመኮንን ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ግእዙ «ኰነነ» ፈረደ፣ ገዛ፣ ቀጣ የሚሉትን ፍቺዎች ይሰጣል። በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ጌታ በሕያዋንና በሙታን ላይ የሚፈርድ መሆኑ የሚነገረው በዚህ ግሥ ነው። መኰንን በጥንቱ አነጋገር ፈራጅም ገዢም ነበር። በአማርኛ ቃሉ ለሁለት ተከፈለ። «መኮንን» ወደ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ሹም፣ በኋላም በዘመናዊው ሠራዊት ባለ ማዕረግ ወታደር ሆነ። «ኩነኔ» ደግሞ ወደ ታች ወርዶ የነፍስ ቅጣት ስም ሆነ። ሹመቱ ለመኳንንት፣ ቅጣቱ ለድኾች የተከፋፈለ ያስመስላል።

ሕዝቡ ግን «ኰነነ» የፍርድ ቃል መሆኑን ፈጽሞ አልረሳም። «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» የሚለው ተረት ለዚህ ማስረጃ ነው። ተናጋሪው ምሕረት አይለምንም፤ ቢፈረድበትም እንኳ በወጉ እንዲፈረድበት ይጠይቃል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። በቅሎ ብዙ ዋጋ የምታወጣ፣ ጭብጦ ግን ለአንድ ጊዜ ስንቅ የምትሆን ናት፤ የሚያስቆጨው ግን የንብረቱ መጠን ሳይሆን የፍርዱ መታጣት ነው። ስለ ፍትሕ ሥርዓት በብዙ ገጽ የሚጻፈው ሐሳብ በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተጠቃልሎ ይገኛል።

በአንጻሩ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ገዢና ፈራጅ አንድ ሰው ሲሆን የሚደርሰውን ይነግረናል። መስፍንና መኮንን የፍርድ ስምነታቸውን ያጡበት ምክንያት ከዚሁ የሚመነጭ ነው። የሚፈርደው የሚገዛው ሰው በሆነበት አገር ለፈራጁ ብቻ የሚሆን የተለየ ስም የሚያስፈልገው የለም።

3. ዳኛ

ዳኛ የወጣው «ደየነ» ከሚለው የግእዝ ሥር ነው። «ደይን» ፍርድ፣ በተለይም የመጨረሻው ፍርድ ነው፤ ዕለተ ደይን የምንለውም ከዚህ የመጣ ነው። በዕብራይስጥ «ዳያን» ፈራጅ ማለት ነው። ራሔል ከባሪያዋ የተወለደውን ልጅ ዳን ብላ የሰየመችው እግዚአብሔር ፈረደልኝ ስትል ሲሆን፣ ዳንኤልም «እግዚአብሔር ዳኛዬ ነው» ማለት ነው። በአማርኛው የሥሩ «ን» ወደ «ኝ» ተለውጦ ዳኘ፣ ተዳኘ፣ ዳኝነት የሚሉትን እናገኛለን። እንግዲህ በዳኛ መጨረሻ የሚገኘው «ኛ» በወንጀለኛ ወይም በገበሬኛ ላይ እንዳለው ተቀጥላ አይደለም፤ የሥሩ አካል ነው። «አዳኝ» ከሚለው ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ «ዳነ» ከሚለው የወጣ የሚመስለውም ይኖራል፤ ግን የተለያዩ ሥሮች ናቸው።

ዳኛ እንደ ሌሎቹ የማዕረግ ስም ያልሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ከቃሉ ሳይሆን ከልማዱ ይገኛል። በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አቁመው «ዳኘን» ማለት ይችሉ ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እንዲሁ አልፎ መሄድ ነውር ነበር። መንገደኛው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ክርክሩን ይሰማል፤ ዋስ ያስጠራል፤ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ሹሙ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እስከ አፈ ንጉሥና እስከ ዙፋን ችሎት ይወጣል። ከላይ ያለው ፈራጅ ሥልጣኑን ከሹመቱ ያገኛል፤ ከታች ያለው የመንገድ ዳኛ ግን ዳኝነቱን የሚያገኘው ከባለ ጉዳዮቹ ፈቃድ ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ተነሥቶ መንገዱን ይቀጥላል፤ ዳኝነቱም እዚያው ይቀራል።

የአምደወርቁ አዛውንት ስለ ዲቦራ ሲጠይቁ ሳያውቁት መልሱንም ተናግረዋል። ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ሰው በፈቃዱ የሚሄድላት ሴት በአማርኛ መስፍን ሳትሆን ዳኛ ናት።

በመጽሐፈ ሶስና የምናገኘው ታሪክም ይህንኑ ያጠነክራል። ሶስናን በሐሰት የከሰሷት ሁለት ሽማግሎች በዚያ ዓመት ለዳኝነት የተሾሙ ነበሩ። ሞት የተፈረደባትን ሴት ያዳናት ሹመት የሌለው ወጣት ዳንኤል ነው። ሁለቱን ለያይቶ ድርጊቱ በየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ተፈጸመ ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ሳይገጥም ቀረ። በግሪኩ ጽሑፍ የሁለቱ ዛፎች ስሞች ዳንኤል ከተናገራቸው «መሰንጠቅ» እና «መቍረጥ» ከሚሉት ግሦች ጋር በድምፅ ይጫወታሉ። በሦስተኛው መቶ ዓመት ዩልዮስ አፍሪካኖስ ለአርጌንስ በላከው ደብዳቤ ይህን የቃላት ጨዋታ በማንሣት ታሪኩ በመጀመሪያ በግሪክ የተጻፈ መሆን አለበት ሲል ተከራክሯል። ጨዋታው በትርጉም ሊተላለፍ አይችልም፤ የዳኝነቱ ዘዴ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ሹመት የያዙት ፈራጆች ሐሰተኞች ሲሆኑ፣ ስሙ ከዳኛ ጋር አንድ ሥር ያለው ወጣት እውነቱን አወጣ።

4. ዳኛ በልብ ወለድ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ጌታም ገዢም ናቸው። ከገበሬዎቻቸው ጋር የተፈጠረው ጠብ በአበጀ በለው መሪነት ወደ ጦር መሣሪያ ያመራል። ጌታውና ፈራጁ አንድ ሲሆኑ በመካከል ቆሞ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው ይጠፋል።

እኒሁ ደራሲ በ1974 ዓ.ም. ሌላ ልብ ወለድ ሲያሳትሙ «ወንጀለኛው ዳኛ» የሚል ርእስ ሰጡት። ለቃላት ተመራማሪ ርእሱ ብቻውን ማስረጃ ነው። «ወንጀለኛው መስፍን» ወይም «ወንጀለኛው መኮንን» ቢባል አንባቢ ምንም አይደነግጥም። ወንጀለኛና ዳኛ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ጆሮ ይቆማል፤ ቃሉ እስከዚያ ድረስ ንጽሕናውን ይዞ ቆይቷልና። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ዳኛ የቀረበበት ምሳሌ የሚያስደነግጠን በዚሁ ምክንያት ነው። መበለቲቱ እየተመላለሰች የምትጨቀጭቀው ሌላ የምትሄድበት ስለሌላት ነው። መጥፎ ገዢ ብዙ ጊዜ የታየ ነው፤ መጥፎ ዳኛ ግን መጨረሻው በር ሲዘጋ ነው።

5. ቃሉ የደረሰበት ፈተና

ዳኛም ቢሆን ከሥልጣን ስበት ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶችን በአዲስ መልክ ያቋቋመው አዋጅ ከወጣ በኋላም የጠቅላይ ግዛት ገዢዎች ችሎት መሰየማቸውን ቀጥለው ነበር። በ1939 ዓ.ም. «አጥቢያ ዳኛ» የሚል ስያሜ በሕግ ተቋቋመ። የመንገዱ ዳኛ በሕግ ታውቆ ወንበር ያገኘ ቢመስልም፣ የሚሾመው ከላይ እንጂ በባለ ጉዳዮቹ ፈቃድ አልነበረም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ መጣ፤ ከዚያም ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተተካ። ወንበሩ በየዘመኑ ስም ሲለውጥ በላዩ የሚቀመጠውን ሰው ሕዝቡ ዳኛ ከማለት አልተመለሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 እና 79 የዳኝነት አካል ነጻ መሆኑን፣ ዳኞችም ከሕግ በስተቀር በሌላ እንደማይመሩ ሲደነግግ፣ በቋንቋ በኩል ከታየ ለዚህ ቃል አጥር ማጠሩ ነው።

ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በሰቆጣ ወይም በአምደወርቅ ችሎት ፊት የሚቆም ኽምጣንጋ ተናጋሪ «ዳኛ» የሚለው ቃል ሹምን በሚሰይም ቃል ቢተረጐምለት፣ የሚገባው የቆመው በገዢ ፊት እንደ ሆነ ነው። አነጋገሩም፣ ፍርሃቱም፣ ምናልባትም የሚሰጠው ቃል በዚያው ይለወጣል። ስለዚህ የችሎት ቃላት ከጽሕፈት ቤት ተፈጥረው ከሚላኩ ይልቅ በዋግ ሽማግሎች ዘንድ ያለው የዕርቅና የሙግት አነጋገር ቀድሞ ቢሰበሰብ ይበጃል።

በመጨረሻም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚከተለው የአፈታት ሐሳብ ይቀርባል።

መስፍን፤ (ግእዝ) 1. በመጽሐፍ፦ ሕዝብን የሚመራና የሚፈርድ ሰው። 2. በኋላ አነጋገር፦ ከፍተኛ ባላባት፣ ገዢ። «ዘመነ መሳፍንት» የተሰየመው በፍቺ 1 መሠረት ነው።

መኮንን፤ (ግእዝ፣ ኰነነ) 1. ጥንት፦ ፈራጅ፣ አገረ ገዢ። 2. ባለ ማዕረግ ወታደር። «ኩነኔ» የሚለውን ይመለከቷል።

ዳኛ፤ (ደየነ) 1. ተከራካሪዎች በፈቃዳቸው ጉዳያቸውን የሚያቀርቡለት ሰው። 2. በሕግ ተሾሞ በፍርድ ቤት የሚያስችል።

በሦስተኛው ቃል አፈታት ተራ ቍጥሮቹ ባይገለበጡ ይመረጣል። የተሾመውም ዳኛ የሚታመነው ባለ ጉዳዩ ሳይገደድ ቢሆን ኖሮ ወደ እርሱ ይሄድ ነበር ሲባል ነው። የአምደወርቁን አዛውንት ጥያቄ መልሶ የሚያነሣ ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ሲገልጥ፣ ዲቦራ ግዛት ሳይኖራት ለምን ከመሳፍንቱ እንደ ተቈጠረች በመጀመሪያው ፍቺ ሊያገኘው ይገባል።