የቢሾ ጃርሳ መዝገብ፦ አፍ ያልያዘውን ዘር ወረቀት ሲይዘው

በደሳ ገበያ ላይ አንድ የኢቱ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ሲጠይቁ የአባት ስም ብቻ አይበቃቸውም። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ከዚያ ጎሳ ይከተላል። ጋብቻ ሲታሰብማ ቆጠራው ይጠብቃል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ይህ መዝገብ ወረቀት የለውም፤ ግን ይሠራል። የሚከሽፈው ሰው ከቀዬው ተነቅሎ ሲወሰድ ነው። የሴት ስም ደግሞ ከመጀመሪያውም እዚያ መስመር ላይ ብዙ ቦታ የለውም።

ሁለቱም የደረሰባት ኦሮሞዋ ቢሾ ጃርሳ ናት። ወላጆቿን በድርቅና በበሽታ ዘመን አጣች፤ ከዚያም በጥቂት በቆሎ ተሸጠች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ሦስት ጀልባዎችን ያዘች፤ ነፃ የወጡት ወደ ኤደን ተወሰዱ። ከእነዚህና በኋላ ከተያዙት መካከል 64 የኦሮሞ ልጆች በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ሎቭዴል ወደሚገኘው የስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ቢሾ አንዷ ነበረች።

ታሪኩን የተለየ ያደረገው ሚሲዮናውያኑ ልጆቹን አንድ በአንድ መጠየቃቸው ነው። ስምህ ማን ነው? አባትህስ? እናትህ? ከየት መንደር? ማን ሸጠህ? ለስንት? መልሱ በጽሑፍ ሰፈረ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው እነዚህን ቃሎች በመጽሐፍ አሰባሰቡ። የሚመርም ነገር አለበት፤ ሻጩ ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ ነጋዴ አይደለም፣ ጎረቤትም አለበት።

ይህ መዝገብ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለማየት አሜሪካን ማሰብ ይበቃል። በ1850 እና በ1860 የሕዝብ ቆጠራዎች ባሮች የተጻፉት በአብዛኛው በጌታቸው ስም ሥር፣ ያለ ስም፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ነው። በስም በብዛት የተቆጠሩት በ1870 ነው። ዛሬ የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን እዚያ ዓመት ላይ ሲደርሱ ግድግዳ የሚገጥማቸው ለዚህ ነው። ቢሾ ግን «ጃርሳ»ን ይዛ ቀረች።

ከአባቷ ስም ያላነሰ ደግሞ የእሷ ስም ተላለፈ። ልጇ ዲምቢቲ ቢሾ ትባላለች። የዲምቢቲ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፤ በ1936 ክራዶክ ተወለደ፣ አፓርታይድን ታገለ፣ ሮበን ደሴት ላይ ማንዴላ በነበሩበት እስር ቤት አሥር ዓመት ታሰረ። አያቱ በስተርጅና ለብቻቸው በማንም በማይገባ ቋንቋ ሲያወሩ፣ ልጆቹ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነው ይባሉ ነበር። ቋንቋው ኦሮምኛ ነበር።

እኛ ዘንድስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ፣ በዚያው ሕግ አንቀጽ 3361 ሥራውን አሳደረው። አዋጅ 760 እስኪወጣ 2004 ዓ.ም. ደረሰ፤ ምዝገባው የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። በ2010 ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልል አዋሳኝ በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ በየመጠለያው የተወለዱ ልጆች ዛሬ ለትምህርት ደርሰዋል። ሰባት ቤት ሊቆጥርላቸው የሚችለው ሽማግሌ የት እንደቀረ ወላጆቻቸውን መጠየቅ ነው።