ከላምባ ወደ ቤንዚን፦ በመቂ የአንድ ጀሪካን ታሪክ



ስለ ነዳጅ ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ ስለ ወደብ፣ ስለ ዋጋና ስለ መንግሥታት መውጣትና መውረድ እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። እርሱም ተገቢ ነው፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ጭማሪን ተቃውመው ሥራ ማቆማቸው ለአብዮቱ መቀስቀስ ምን ያህል አስተዋፅኦ እንዳደረገ ሁላችንም ተምረናል። እኔ ግን ዛሬ ከአንድ ጓዳ ልነሣ እወዳለሁ።

ባደግሁበት በመቂ፣ በቤታችን ጓዳ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበረ። ዘይት መጥቶበት ያለቀ ሲሆን፣ እኛ ላምባ እንይዝበት ነበር። እናቴ ሲመሽ አንዱን ኩራዝ አብርታ፣ በእርሱ ብርሃን ሌላውን ትሞላ ነበር። አንዳችም ጉዳት ደርሶ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ አጎቴ ለሽንኩርት ማሳው የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዛ፤ በዚያው ጓዳ፣ በዚያው ዓይነት ጀሪካን፣ ቤንዚን ተቀመጠ። አንድ ምሽት ኩራዝ ተይዞለት ሲቀዳ ነበልባሉ ጀሪካኑ ዘንድ ሳይደርስ አየሩን ይዞ መጣ። አጎቴ ከሞት ተረፈ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጉም። ሊጠይቁት ለመጡ ዘመዶች ደጋግሞ የሚላት አንዲት ቃል ነበረች፦ «ጋዝ ሁልጊዜ እንዲህ አይደል የምንቀዳው?»

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው። ሐሳቤም ባጭሩ ይህ ነው፦ የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ቤተሰቦች ስለ ነዳጅ ያላቸውን ጥንቃቄ የተማሩት ከላምባ ነው። ቤንዚን ዘግይቶ ሲመጣ የላምባን ዕቃ፣ የላምባን ጓዳና የላምባን ልማድ ወረሰ። አደጋው ያለውም በዚህ ውርስ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ ጥቂት ልበል። ቤንዚንና ናፍጣ የሚሉት ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው። ላምባን ግን «ነጭ ጋዝ»፣ አልፎ አልፎም በደፈናው «ጋዝ» እንለዋለን። ቡታጋዝ የሚለው ስም መነሻው የቡቴን ጋዝ የንግድ ስም ሲሆን፣ እኛ በላምባ የሚሠራውን ምድጃ ጠራንበት። እንግዲህ «ጋዝ አምጣ» ሲባል ሊመጣ የሚችለው ፈሳሽ ከአንድ በላይ ነው። ስም ሲቀላቀል ዕቃ ይቀላቀላል። ላምባ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ምድጃ ውስጥ ሲገባ የሚደርሰው ፍንዳታም አንዱ መነሻው ይኸው ነው።

ዕቃውም የራሱ ታሪክ አለው። ላምባ በቀድሞው ዘመን ይጓጓዝ የነበረው 18 ሊትር ገደማ በሚይዝ ቆርቆሮ ነበር፤ ታኒካ የምንለው። ታኒካው ባዶ ሲሆን ለቅቤ፣ ለማርና ለእህል መስፈሪያ ሆነ። ጀሪካን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን ጦር ያሠራው የብረት ነዳጅ መያዣ ነው፤ ስሙንም ያገኘው እንግሊዞች ለጀርመኖች ካወጡት «ጄሪ» ከሚል ቅጽል ነው። ያ የብረት ዕቃ ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ፣ ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ ነበር። በጓዳችን ያለው የፕላስቲክ ወራሹ ግን ለዘይት የተሠራ ነው። ከብረቱ የወረሰው ስሙን ብቻ ነው።

ነዳጁ ወደ መቂ የመጣበት መንገድም ተለዋውጧል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በአዳማና በሞጆ በኩል ያልፍ ስለነበር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጭነት በዚሁ መስመር ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 እስኪዘጋም ድረስ ድፍድፉን እያጣራ አገሪቱን መግቧል። ከዚያ ወዲህ የተጣራው ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተቀሰቀሰው ጦርነት በኋላም ዋናው በር ጅቡቲ ሆነ። ቦቴዎቹ አዋሽን፣ መተሐራንና አዳማን አልፈው ሞጆ ይደርሳሉ፤ ወደ ደቡብ የሚታጠፉት በቆቃና በዓለም ጤና አድርገው መቂን፣ ባቱንና ሻሸመኔን አቋርጠው ይሄዳሉ። በጠዋት ከመቂ ዋና መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን ታሪክ በዓይኑ ያየዋል።

በመቂ ነዳጁ ከመንገዱ ወርዶ ወደ ማሳው ይገባል። የዱግዳ ወረዳ ገበሬ ከዝዋይ ሐይቅ፣ ከመቂ ወንዝና በእጅ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ሞተሩ እንደ መኪና ወደ ማደያ አይነዳም፤ ነዳጁ ነው ወደ ሞተሩ ተሸክመው የሚወስዱት። ስለዚህ በመቂ ጀሪካን የኮንትሮባንድ ምልክት ከመሆኑ በፊት የእርሻ መሣሪያ ነው። ይህን ሳንረዳ የምናወጣው ደንብ ሁሉ ከማሳው ጋር ይጋጫል።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ። ላምባ ከላዩ የሚነሣው ትነት በእሳት ሊያያዝ የሚችለው ፈሳሹ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። በመቂ ምሽት ጓዳ ውስጥ ያለ ላምባ ከዚህ በታች ስለሚሆን እናቴ በኩራዝ ብርሃን ስትቀዳ ትነቱ ለመቀጣጠል አይበቃም ነበር። የቤንዚን ወሰን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በባሌ ተራሮች ውርጭ ሌሊት እንኳ ቤንዚን ለእሳት ዝግጁ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ሲተን 180 ሊትር ገደማ ትነት ይወጣዋል። ትነቱ ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ሲደርስ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ያ አንድ ሊትር ከ10 ሜትር ኩብ በላይ አየርን፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ ጓዳን አየር፣ ሊያቀጣጥል ይበቃል። ትነቱ ከአየር በሦስትና በአራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ ምድጃውን ይፈልጋል። አጎቴ እሳቱ «መጣብኝ» ያለው በትክክል የሆነውን ነው።

በማሳው ላይም ይኸው ነው። ውኃው ሲርቅ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ የተለመደ ነው፤ ትነቱ እዚያው ይከማቻል፣ ሽታ የሌለው የሞተሩ መርዛማ ጢስም እንዲሁ። ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ ሲቆም ማርሚታው ገና የጋለ ነው፤ ውኃ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ግን እስኪበርድ አይታገሥም። በላስቲክ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣትም አለ፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ለከባድ የሳንባ ሕመም ይዳርጋል። በውኃ መጠጫ ፕላስቲክ የተቀመጠውን ደግሞ ሕፃን ውኃ መስሎት ያነሣዋል።

ለዚህ ሁሉ የመንግሥት መልስ በአመዛኙ የግብይት መልስ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ለተመረጡ ተሽከርካሪዎች እንዲሆን ተደረገ፤ ቀጥሎ ክፍያው በስልክ ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት ሥርዓት አዋጅም ሕገ ወጥ ሽያጭን በጥብቅ ይቀጣል። የእነዚህን ዓላማ አልቃወምም። ይሁን እንጂ ጀሪካን ሲከለከል ሞተሩ መጠጣቱን አያቆምም። ከደጅ የነበረው ጀሪካን ከአልጋ ሥር ይገባል፤ የሚደበቅ ነዳጅ ደግሞ አየር በሌለበት፣ ልጆች በሚተኙበት ስፍራ ይቀመጣል።

ልማድና ችግር ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ሌሎች አገሮችም አይተዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 በታንዛንያ ሞሮጎሮ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 በሴራሊዮን ፍሪታውን ነዳጅ ከሚፈስሱ ቦቴዎች ዙሪያ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ እሳት ተነሥቶ፣ በእያንዳንዱ ከ100 ሰዎች በላይ አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ዕቃ ይዘው ሊቀዱ የመጡ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች በስግብግብነት መክሰስ ቀላል ነው። እኔ ግን የአጎቴን ቃል እሰማባቸዋለሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለኬሚስቱና ለአስተዳዳሪው የሚገባውን ለእነርሱ ልተው፤ ታሪክ የሚያስተምረኝን ግን ልናገር። ልማድ በክልከላ ሳይሆን በሌላ ልማድ ይተካል። ቤንዚን የራሱ ቀይ የብረት ዕቃ፣ ከቤት ውጭ ጥላ ያለው የራሱ ስፍራና የራሱ ስም ይኑረው፤ «ጋዝ» አይባል። ፕላስቲክ ዕቃ ተሽከርካሪ ላይ እንዳለ ሲሞላ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጠር ስለሚችል መሬት ላይ ተቀምጦ ይሞላ። ሞተሩ ይብረድ፤ በቀን ብርሃን ይቀዳ። ቤንዚን በውኃ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚስፋፋ ለእሳቱ ውኃ ሳይሆን አሸዋና አፈር ይዘጋጅ። ለተቃጠለ አካል ግን ቅቤና የጥርስ ሳሙና ቀርቶ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስለት። ለገበሬውም የተመዘገበና የታወቀ የነዳጅ መግዣ መንገድ ይከፈትለት፤ ያን ጊዜ የሚደብቀው ነገር አይኖረውም።

ለተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። ስለ ነዳጅ ስንጽፍ ቶንና ብር እንቆጥራለን፤ የተቃጠለ እጅ በዚያ መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ለዕረፍት ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ዓለም ጤና ስትሄዱ የሞተር ባለቤቶችን፣ በተለይም ጓዳውን የሚያውቁ እናቶችን ጠይቁ፦ መጀመሪያ ቤታችሁ የገባው ነዳጅ የትኛው ነበር? በምን ዕቃ? ማን አስተማራችሁ? መልሱን በጥንቃቄ መዝግቡ። አጎቴ ያን ጥያቄ ሲጠይቅ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም፤ እኔም ልጅ ነበርሁ።

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።