ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ዝማሬ

ዛሬ አዲስ መዝሙር ለመስማት ስልካችንን መክፈት ይበቃናል። ከእኛ በፊት የነበሩ ወገኖች ግን ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር፣ የወንጌል ቃልና ዝማሬ ደጅ ሳያንኳኳ ቤት ገባ።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰ። በዚያው ማሰራጫ የአብዮቱ ድምፅ ይሰማ ጀመር። በዘመኑ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ተዘጉ። ዝማሬው ግን መንገድ ለወጠ እንጂ አልቆመም። ካሴት ከካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ስለ እምነቱ ለዓመታት የታሰረው የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ብዙዎችን ያጽናኑት በዚያ ዘመን ነው። ቅጂ ከቅጂ ሲወሰድ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል፤ ሰሚዎቹ ግን ቃሉን በልባቸው ይዘውት ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ካሴት፣ ቀጥሎም ሲዲ በአደባባይ ይሸጥ ጀመር። ሆኖም ስደት የወለደው የመቅዳት ልማድ ከስደቱ ጋር አላለፈም። ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያኔ መቅዳት ዝማሬውን አቆየው፤ ዛሬ ግን አልበም ሳይገዙ መቅዳት ዘማሪውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ለስቱዲዮና ለሙዚቀኞች የሚከፈለው ከኪሱ ነው። ጌታችንም ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው አስተምሯል (ሉቃስ 10፥7)።

እንግዲህ የባረከንን አልበም እንግዛ፤ ለጎረቤትም ገዝተን እንስጥ። ዝማሬው ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ ዘማሪውንም አይርሳ።