ከማዕድ አታስነሷቸው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የመንገድ ወሬ ነው፣ የመንገድ ወሬ ደግሞ ተጣድፎ አይነገርም።

ለንደን ውስጥ በምዕራብ በኩል ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1903 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የግብርና ማኅበር ከብቱንና ሰብሉን የሚያሳይበት ቋሚ ሜዳ ብሎ ከፈተው፤ ትርኢቱ ሳይሰምር በ1905 ቀረ፤ ከዚያም ፋብሪካ ተተከለበት፣ በፋብሪካው አጠገብ ሌላ ፋብሪካ ቆመ። ጊነስ ከ1936 እስከ 2005 ቢራውን የጠመቀው እዚያ ነው፤ ዛሬም ነፋሱ ከሃርልስደን በኩል ሲነሳ የብስኩት ሽታ ይዞ ይመጣል። እንግዶቻችን ያረፉት በዚህ ሰፈር ነበር፤ ከባሕር ዳር የመጡ፣ ስለ ሐይቅና ስለ ረግረግ መሬት በሚመክር ጉባኤ ላይ የተጋበዙ ሰዎች። ቀኑን ሙሉ መስኮት በሌለው አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ወፍ ሲሰሙ ይውላሉ፣ ማታም ስለ ውኃ ሲወያዩ ያመሻሉ፣ ወፉንም ውኃውንም ግን አላዩም። እንግዳ ደግሞ አገሩን ሳያይ አይሸኝም፤ ስለዚህ ጉባኤው ባበቃ ማግስት፣ በኅዳር ብርድ፣ ማልደን ተነሣን።

ከሃርልስደን ባቡር ያዝን፣ ከዚያም ቤከር ስትሪት ወርደን ሌላ ቀየርን፣ ከዚያም ዌስት ሃም ላይ ወደ ምሥራቅ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን ባቡር ተሳፈርን። ቤቱ እየሳሳ፣ ሰማዩ እየሰፋ ሄደ። ቤንፍሊትን ስናልፍ በግራ ከኮረብታው ላይ የሃድሊ ግንብ ፍራሽ ታየ፣ በቀኝ ደግሞ ጭቃውና የውኃው ጅማት። ከእንግዶቹ ታላቅ የሆኑት ጋሼ፣ ጣና ዳር ተወልደው ጣና ዳር ያረጁ ሰው፣ ነጠላቸውን ከኮታቸው በላይ አጣፍተው መስኮቱን በእጃቸው ይጠርጉ ነበር። የዚህን ወንዝ ታሪክ ያጫወትኳቸው ያኔ ነው፤ ቴምስ በለንደን ፍሳሽ ታፍኖ በ1957 የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አዋቂዎች ሕይወት አልባ ነው እንዳሉት፣ ከዚያም ፍሳሹን የሚያጣሩት ጣቢያዎች ሲታደሱ ዓሣው እንደተመለሰ፣ ዛሬም አፉ አካባቢ አቆስጣ አሸዋው ላይ ወጥቶ ፀሐይ እንደሚሞቅ። ጋሼም ዝም ብለው ሰሙና፣ «እንግዲያማ ተስፋ አይቆረጥም» አሉ።

ሊ ኦን ሲ ወረድን። ከጣቢያው አጠገብ መንገዱ ድልድይ ይሻገርና ቱ ትሪ አይላንድ ወደምትባል ደሴት ይገባል። ይህች ደሴት ቀድሞ የከተማ ቆሻሻ ይደፋባት ነበር፤ ዛሬ የኤሴክስ የዱር እንስሳት ማኅበር ይጠብቃታል፣ ምሥራቃዊ ክፍሏም የሊ ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ አካል ነው። በጥርጊያው ሄድን፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ከዚያም ቁጥቋጦው አለቀና ሜዳው ተዘረጋ፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ጭቃ፣ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ጭቃ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ወጣት ተመራማሪ ናት፣ ደንግጣ ቆመችና «ጋሼ፣ ውኃው የት ሄደ?» አለች። ጣና በዝናብ ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ይህ ባሕር ግን በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜም ይመለሳል።

እዚያ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ጠበቁን፤ በበጎ ፈቃድ ጎብኚ የሚመሩ፣ ቴሌስኮፓቸውን በሦስት እግሩ ያቆሙ። አጎንብሰን በየተራ አየን። አንገታቸው ጥቁር፣ ራሳቸው ጥቁር፣ አንገታቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ምልክት ያለባቸው፣ ከዳክዬ እምብዛም የማይበልጡ ዝይዎች፤ ብሬንት ይባላሉ። በብዙ መቶ ሆነው ጭቃው ላይ ተሰማርተው፣ በዝቅተኛ ድምፅ እያጉረመረሙ፣ ጠባብ ቅጠል ያለውን የባሕር ሣር ይነጫሉ። የመጡት ከሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከታይሚር ነው፤ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው በመስከረምና በጥቅምት እዚህ ይደርሳሉ።

ሴትዮዋም እንዲህ አሉን፤ ክንፋቸውን እዩ፣ ነጣ ያሉ መስመሮች ያሉበት የዘንድሮ ጫጩት ነው። ታይሚር ላይ ሌሚንግ የሚባሉት አይጥ መሰል ፍጥረቶች በበዙበት ዓመት ቀበሮው እነሱን ይበላል፣ የዝይ ልጅም ያድጋል፤ ሌሚንግ በጠፋበት ዓመት ግን ቀበሮው ወደ ጎጆው ይዞራል፣ ወላጆቹም ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። በ1930ዎቹም ይህን የባሕር ሣር በሽታ መታው፣ ዝይዎቹም በረሃብ ተመናመኑ፤ ከዚያም በ1954 እንግሊዝ አደናቸውን በሕግ ከለከለች፣ ሣሩም ቀስ እያለ አገገመ፣ እነሱም በዙ። እኛም ጫጩቶቹን መቁጠር ጀመርን፤ ወጣቷ አንዱን ባገኘች ቁጥር የጋሼን ክንድ ትነካለች።

ከዚያም አንድ ሰው ውሻውን ፈትቶ ለቀቀው። ውሻው ወደ ጭቃው ሮጠ፣ መንጋው ባንዴ ተነሣ፣ ሰማዩ በክንፍ ተሞላ። ከእኛ መካከል ስልኩን አውጥቶ «እንዴት ያምራል!» ያለ ነበር፤ እውነትም ያምር ነበር። ሴትዮዋ ግን ፊታቸው ጠቆረ። የክረምቱ ቀን አጭር ነው አሉ፤ የሚበሉበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ በተነሡ ቁጥር የበሉትን ያቃጥላሉ፣ በጸደይም ስብ ሳይዝ ወደ ሳይቤሪያ የሚሄድ ዝይ እንቁላል ለመጣልና ጫጩት ለማሳደግ አቅም ያንሰዋል።

ወጣቷ ለጋሼ ተረጎመችላቸው። ጋሼ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ በእኛ ዘንድ እየበላ ያለን ሰው፣ ባለ ዕዳ እንኳ ቢሆን፣ ከማዕድ ማስነሣት ነውር ነው» አሉ። ስልኩን ያወጣውም ልጅ ወደ ኪሱ መለሰው።

ከዚያ በኋላ የወሬው ሁሉ መንገድ ወደ ጣና ዞረ። ባሕር ዳርም የጉባኤ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የጣና ፎረም የአፍሪካን መሪዎች ስለ ሰላም ሊያነጋግር እዚያ ይሰበስብ ጀመር፤ ሐይቁም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ጉባኤተኛ በመጣ ቁጥር ጀልባ ይቀርብለታል፤ ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከዚያም ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ ፔሊካኑና ጉማሬው ወዳሉበት። ጋሼ የነገሩን ያሳዝናል፤ ሞተሩ እያጓራ ይጠጋል፣ ጉማሬው ይጠልቃል፣ ወፉ ይበናል፣ እንግዳው ፎቶ ያነሣና ይሄዳል። በበጋም ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡት ግራጫ ክሬን የሚባሉ ወፎች ከአጨዳ የተረፈ እህል ሊለቅሙ በሐይቁ ዙሪያ ማሳ ላይ ያርፋሉ፤ እነሱም ማዕድ ላይ ናቸው።

እንግዲህ እናንተ እንግዳ የምትቀበሉ፣ ጉባኤም የምታዘጋጁ፣ ይህን አደራ ያዙልኝ። ጉብኝቱን አትተዉት፤ ስለ ሐይቅ የሚመክር ሰው ሐይቁን ማየት አለበት። ነገር ግን ሞተሩን ከሩቅ አጥፉት፤ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ድምፅ የለውም፣ ለባለ ታንኳውም እንጀራ ነው፣ ሐይቁንም ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ነው፤ እሱን ቅጠሩ። አቅራቢ መነጽር ስጡና እንግዳው ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ከርቀት ይይ። የምትመሩትን ሰው ከመነሣቱ በፊት ንገሩት፤ ወፉ ከተነሣ ጉብኝቱ ከሽፏል፣ ወፉ መብላቱን ከቀጠለ ግን እንግዳውም አስተናጋጁም ክብራቸውን ጠብቀው ተመልሰዋል በሉት።